ከእማዋይሽ ፍላሽ አልነበረም

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዓመት ራሴን አዋቂ አድርጌ የቆጠርሁበት ጊዜ የለም። ወረታ ውስጥ ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው፣ ማተሚያው ወረቀት የጎረሰበት፣ ፋይሉ የጠፋበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «የሻረግን ጥሯት» ነበር የሚለው። ኮሌጅ የገባሁ ሰው አይደለሁም። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ጽሕፈት መኪና ተማርሁ፤ የቀረውን በዓይኔና በጣቴ ለቀምሁት። እንዲህ ያለ ሰው ሲመሰገን ቶሎ ይሰክራል። እኔም ሰክሬ ነበር።

ዘንድሮ በስድሳ ዓመቴ ጡረታ ስወጣ ልጆቼ ደብተር ገዝተው ሰጡኝ። «እማዬ፣ ያንን የምታስቂን የቢሮ ወሬ ጻፊው» አሉኝ። የሚያስቀው ሞልቷል። ልጽፈው ስቀመጥ ግን ብዕሩ ዞሮ ዞሮ የሚሄደው ወደማያስቀው ነው። ከስሜ ጋር የተሰፋ አንድ ነውር አለኝ፤ እሱን ሳላወጣ ሌላውን ባወራ የሰረቀ ሰው ስለ ታማኝነት እንደሚሰብከው ይሆንብኛል።

መጀመሪያ የተቀጠርሁት አንበሳሜ ነው፣ በታይፒስትነት። ደመወዙ የቤት ኪራይና ሽሮ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አላወራም። አለቃዬ ደብዳቤ የሚያስጽፉኝ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ወደ ውጭ ስለሚሄድ ግማሹን ዓረፍተ ነገር እኔው ፈጥሬ እሞላው ነበር። አንድም ቀን አላወቁብኝም። እንዲያውም «የእኔ አጻጻፍ ከፍ ብሏል» ይሉ ነበር። ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ወረታ ተዛወርሁ። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ሰነዱን ሁሉ ቁም ሳጥን ላይ እንጭን ነበር፤ ጽሕፈት መኪናዬን ጭኜ እኔም ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ የጻፍሁበት ቀን አለ።

ኮምፒውተር የመጣልን ብዙ ዘግይቶ ነው። ሲመጣ ለሁለት ወር ያህል ማንም አልደፈረውም። በካርቶኑ ላይ ሻይ እናስቀምጥበት ነበር። እኔ ሰው ምሳ ሲወጣ እየቀረሁ ነካካሁት። ከለመድሁት በኋላ አንድ ቀን ኪቦርዱ ላይ ሁለት ፊደል ተጣብቆ አልነሳ አለኝና፣ ትንሽ ካቻቪቴ ያለው ሰው ስጠይቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮ የሚጠግኑትን ጋሽ እንድሪስን ጠቆሙኝ። ጋሽ እንድሪስ ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም ነበር። «የሰው እጅ የገጠመውን የሰው እጅ ይፈታዋል» አሉና ፈቱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ትምህርት ቤቴ ሆኑ። ሥራቸውን የሚጀምሩት እጅ በመታጠብ ነው። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ተራ በተራ ይደረድሩና ከየት እንደወጡ ጨርቁ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ በአሮጌ የጺም ብሩሽ አቧራውን ይጠርጋሉ፤ ሳይጠርጉ ምንም አያዩም። ሰው መጥቶ «ይሄ ነገር ተቃጥሎ ነው» ካላቸው፣ «አውቀኸው ከመጣህማ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?» ይሉታል። አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይሉኝ ነበር፦

«የሹ፣ ዕቃውን ከመፍታትሽ በፊት ባለቤቱን ጠይቂው። ከመበላሸቱ በፊት ማን ነካው? ምን አጠገቡ ነበር? መቼ ጀመረው? ከሦስቱ አንዱን ይዋሽሻል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ራሱን ስለማይጠረጥር ነው። ጥገና ማለት የዋሸውን አንዱን መፈለግ ነው።»

ይህን ቃል በቃል ሸመደድሁት። የኋላ ኋላ ባለቤቱ እኔ ስሆን ግን አላስታወስሁትም።

አሁን ስለ ዳንቴል ማውራት አለብኝ። በእኛ አገር ሴት የምትወደውን ዕቃ ሳታለብስ አትተወውም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ሶፋውም ዳንቴል አለው። እኔ በኪሮሽ እጄ የተመሰገነ ስለሆነ ለቢሮው አራት ኮምፒውተሮች ዳር ዳሩን ጽጌረዳ ያለው ዳንቴል ሠራሁላቸው። ዳንቴል ቆሞ እንዲታይ ይጠነክራል። ሌላ ቦታ በስኳር ውሃ ያጠነክሩታል አሉ፤ ስኳር ጉንዳን ይጠራል። የእኛ የፎገራ ሴት ግን ሩዝ መች ቸገራትና! የሩዝ ቅቅሉን ውሃ አወፍረን፣ ዳንቴሉን ነክረን እንጨምቅና፣ ገና እርጥብ ሳለ የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ እናለብሰዋለን። እዚያው ሲደርቅ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፤ እንደ ባርኔጣ ይሆናል። እኔም አንድ ዓርብ ማታ፣ በክረምቱ እርጥበት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው ሳለ፣ አራቱን ዳንቴል ከነእርጥበቱ ለሣጥኖቻቸው አልብሼ ሄድሁ። ሰኞ እንደ ሙሽራ ነበር ያገኘኋቸው። አለቃችን አቶ ምንዋጋው «ቢሮውን ሠርግ ቤት አደረግሽው!» አሉኝ።

እማዋይሽ በዚያን ጊዜ የሙከራ ጊዜዋን የምትጨርስ ልጅ ነበረች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ሞተው፣ እናቷ እማማ ደብሬ ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሷት፣ የመጀመሪያዋን የመንግሥት ሥራ ያገኘች ልጅ። ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቷት ነበር። ሁለት ሳምንቱን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ እናቷም የሰው ልብስ ማጠባቸውን ያቆማሉ። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ ሲቀለድበት እሷም ትስቅ ነበር። «ቋሚ የሆንሁ ቀን እማዬን ሳሙና አስጥላታለሁ» ትል ነበር።

ያ ሰኞ ከረፋዱ ላይ ነው ከጠረጴዛዋ የጮኸችው።

«እትዬ የሹ! ይምጡማ፣ ምላሱን አወጣብኝ!»

ሄጄ አየሁ። ሲዲ የሚቀመጥበት መሳቢያ ወጥቷል። በጣቷ ገፋችው፤ ገባ። ትንሽ ቆየና «ዝርርር» ብሎ እንደገና ወጣ። ሰው ተሰበሰበ። ዘበኛው አያ ፈንታ በሩ ላይ ቆመው፣

«ራበው እንዴ? ቁርሱን ስጡት እንጂ!» አሉ።

የሒሳብ ክፍሉ ጌትነት ደግሞ፣ «የለም አያ ፈንታ፣ የእማዋይሽን የፊደል ግድፈት አይቶ ነው። ምላሱን የሚያወጣባት እሷ ላይ ነው» አለ።

«አንተ ላይ ቢሆንማ እስካሁን ይነክስህ ነበር» አለችው እማዋይሽ፣ እየሳቀች።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ዘመን ወረታ ላይ ቫይረስ የሌለው ፍላሽ አልነበረም፤ ፎልደሩ ይደበቃል፣ በቦታው የማይከፈት ምልክት ይቀመጣል፣ ሰው ፍላሹን እየሰካ ካንዱ ወዳንዱ ያዛምታል። ባሕር ዳር ለሦስት ቀን በተላክሁበት ሥልጠና ላይ አንዱ አሠልጣኝ «ለቀልድ ብለው የሠሩት፣ ሲዲውን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫይረስም አለ» ሲል ሰምቼ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን እንደ ወንጌል ይዣት ኖርሁ፤ የምናገርባትን ቀን ስጠብቅ። ይኸው መጣ።

«ዝም በይ እማዋይሽ፣ ይህ የሚያስቅ አይደለም። ቫይረስ ነው» አልሁ፤ ቢሮው ጸጥ አለልኝ። ያ ጸጥታ እንዴት እንደጣፈጠኝ ብጽፈው አያልቅም።

«ፍላሽ ሰክተሻል?»

«አዎ፣ ሐሙስ። ከጎረቤታችን ልጅ መዝሙር ገልብጬ ነበር።»

«አምጪው።»

አመጣችው። በአንቲ ቫይረስ ፈተሽሁት፤ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ሞላ። እዩ ብዬ ለሁሉም አሳየሁ። እማዋይሽ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው አልሰካበትም? ምናልባት…»

«አንቺ ብቻ ነሽ» አልኋት።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ውሃ ጠጥቼ ተመለስሁ። ምክንያቱም ሐሙስ ዕለት፣ እሷ ምሳ በወጣችበት፣ እኔም በዚያው ማሽን ላይ ፍላሼን ሰክቼ ነበር። የልጄን የክርስትና ፎቶ ለማተም። ይህንን በዚያች ሰዓት አውቀዋለሁ። ረስቼው አይደለም። ግን የእኔ ፍላሽ የአዋቂ ፍላሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ሐኪሟ ነኝ። ሐኪም ራሱን አይመረምርም አይደል። የእሷን ፈተሽሁ፤ የእኔን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማድረግ ተነሣሁ። ሥራውን ወደ ሌላ ማሽን ገለበጥሁ፤ ከዚያ ዊንዶውን ለመጫን ሲዲውን አስገባሁ። መሳቢያው ሲዲዬን ከነነፍሱ ተፋው። አስገባሁ፤ ተፋው። በመጨረሻ በመዳፌ ገፍቼ ይዤው፣ እንደ በር ዘበኛ ተደግፌ ተቀመጥሁ። ኩርሲ አምጥተው ሻይ አጠጡኝ፤ እየተሳቀ ሥራው አለቀ። ንጹሕ ሆነ። አዲስ ሆነ። መዳፌን ሳነሣ «ዝርርር» ብሎ ወጣ።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ዕውቀት ያለው ሰው «ዲስኩን ጠርጌ ከጨረስሁ፣ ከውስጡ አንድም ፕሮግራም ካልቀረ፣ ይህን ምን ያዘዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ማሽኑ ሲበራ፣ ዊንዶው ገና ሳይመጣ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ እያለም ይከፈት ነበር እኮ! አይቼዋለሁ። ግን ሁሉም ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። አቶ ምንዋጋውም ከቢሯቸው ወጥተው ቆመዋል።

«እህ የሻረግ፣ አልወጣም?»

«ብረቱ ውስጥ ገብቷል» አልሁ።

ልብ በሉ፤ ቫይረስ ብረት ውስጥ ገብቷል አልሁ። ያን ቃል ዛሬ ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል። አቶ ምንዋጋው ግን ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ንብረት የሚፈሩ ሰው ነበሩ። «እንግዲያው በሪፖርት ጻፊልኝ፣ የንብረት ጉዳይ ነው» አሉ። ጻፍሁ። ራሴ ተየብሁት፤ አንድም ግድፈት የለበትም። «የሙከራ ሠራተኛዋ ያለ ፈቃድ በሰካችው ፍላሽ ምክንያት የመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት ደርሷል» ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ስንብቷ ደረሳት። «የሙከራ ጊዜዋን በአጥጋቢ ሁኔታ ስላላጠናቀቀች» ይላል ወረቀቱ። አልተከራከረችም። ኪቦርዷን በሶፍት ጠርጋ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አስቸገርኋችሁ» አለችኝ። እኔም «አይዞሽ፣ ትማሪበታለሽ» አልኋት።

ጌትነት ሲቀልድ «ቫይረሷ» የሚል ስም አወጣላት። ስሙ ከተማው ውስጥ እግር አበቀለ። በሌላ ሁለት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ስትሄድ «አንቺ ያቺ ቫይረሷ አይደለሽም?» ተብላ መመለሷን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልሁ።

ከሄደች በኋላ በሦስተኛው የሥራ ቀን ማሽኑን በጋሪ ጭኜ ለጋሽ እንድሪስ ወሰድሁት። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ዳንቴሉን አልብሼዋለሁ። ሱቃቸው ስደርስ ዳንቴሉን አጣጥፌ ብብቴ ውስጥ ያዝሁት። እጃቸውን ታጠቡ። ጨርቃቸውን አነጠፉ።

«ምን ሆነ?»

«ቫይረስ ነው ጋሽ እንድሪስ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አውቀሽው ከመጣሽማ…» ብለው የቀረውን ተዉት። ክዳኑን ፈቱ፤ በብሩሽ ጠረጉ። ከሲዲ መክፈቻው ጀርባ ሁለት ነገር ይገባል፤ አንዱ መብራት የሚሰጠው ገመድ፣ ሌላው ከዋናው ሰሌዳ ትእዛዝ የሚያመጣለት ሰፊው ገመድ። ሰፊውን ነቀሉና ጨርቁ ላይ አስተኙት። መብራቱን ብቻ ተዉለት።

«አብሪው።»

አበራሁ። «ዝርርር።» ወጣ።

«አሁን ከጭንቅላቱ ጋር አይነጋገርም» አሉ ቀስ ብለው። «ኮምፒውተሩ ቢታመም ባይታመም ይሄ አይሰማም። ታዲያ ማን ነው ክፈት የሚለው?»

አጠፉት፤ አግራፍ አቃንተው በትንሿ ቀዳዳ አስገብተው መሳቢያውን አወጡ፤ የፊቱን ፕላስቲክ በጥፍራቸው ከፍ አድርገው ነቀሉት። መክፈቻዋ ቁልፍ ወደ ውስጥ እንደተጫነች ተጣብቃ ቀርታለች። ዙሪያዋን ነጭ ነገር፣ እንደ ደረቀ ሙጫ፣ ይዟታል። በጥፍራቸው ፋቁት። አሸተቱት። ምላሳቸው ጫፍ ላይ አደረጉት።

«ሩዝ ነው» አሉ።

ከዚያ ብብቴ ውስጥ ያለውን አዩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ዳሩ ላይ ያለውን ጽጌረዳ በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ዱቄቱ ነጭ ጨርቃቸው ላይ ረገፈ። ቁልፏ ላይ ውሃው የተንጠባጠበው ከላይዋ ከተንጠለጠለው ጽጌረዳ ነበር። እርጥበቱ ሲያለሰልሰው ይይዛታል፤ ሲደርቅ ይበልጥ ይይዛታል።

«ማን ነካው? ምን አጠገቡ ነበር? መቼ ጀመረው?» አሉ። እየጠየቁኝ አልነበረም።

ስለ እማዋይሽ ነገርኋቸው። አልቆጡም። ቁልፏን በአልኮል በነከረ ጥጥ እየጠረጉ፣

«ዛሬውኑ ሂጂና ንገሪያት» አሉ።

«አቶ ምንዋጋው ምን ይሉኛል? አሥር ዓመት የገነባሁት ስም…»

«እሱ የሚልሽን አንቺ ትሰሚያለሽ። እሷ የተባለችውን ማን ይስማላት?»

ቁልፏ ተጠርጋ ተገጠመች። ሦስት ጊዜ ተከፈተች፣ ሦስት ጊዜ ተዘጋች፤ በትእዛዝ ብቻ። የጥገና ዋጋ አልተቀበሉኝም። ሁልጊዜ ይቀበሉኝ ነበር።

ቢሮ ስገባ አቶ ምንዋጋው በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ዳነ?»

«ዳነ።»

«ቫይረሱ ወጣ?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። እንዲያውም ሁለት፦ «ቫይረስ አልነበረም።» የእማዋይሽ ቦታ ገና ሰው አልተቀጠረበትም፤ ወንበሯ ባዶ ነበር፣ እያየሁት።

«ወጣ» አልሁ።

በወሩ መጨረሻ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። ዳንቴሎቹን ሁሉ ሰብስቤ ቤት ወሰድሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ «አቧራ ይይዛሉ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ኃላፊ ሆንሁ፣ ሌሎችን አሠለጠንሁ። ሠልጣኞቼን «መጀመሪያ ጥረጉ፣ ቀጥሎ ትእዛዝ የሚያመጣውን ገመድ ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጠርጥሩ» ስላቸው በደብተራቸው ይጽፉ ነበር። ከየት እንደተማርሁት ሲጠይቁኝ «ከጋሽ እንድሪስ» እላለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት።

ጋሽ እንድሪስ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሡብኝም። ታመው ተኝተው ልጠይቃቸው የገባሁ ቀን ብቻ፣ ልጆቻቸው ወጣ ሲሉ፣ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣

«የሹ፣ ነገርሻት?» አሉኝ።

«ነግሬያታለሁ ጋሽ እንድሪስ» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሳምንቱ ሞቱ። ለሚሞት ሰው ዋሸሁ። ከሁሉም ይህ ይከብደኛል፤ ወይም የቱ እንደሚከብደኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን አንዱ፣ ሌላ ቀን ሌላው።

እማዋይሽ እናቷን ይዛ ወንዛዬ ሄዳ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ለሚታጠቡ ሰዎች ክፍል የምታከራይና ምግብ የምትሠራ ሆናለች። ይህን የማውቀው ስላየኋት ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ወርጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከሩቅ አይቻት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ ሌላ ሰው ቤት አድሬ፣ ታጥቤ ተመልሻለሁ። ፍል ውሃ ውስጥ ተቀምጬ በረደኝ ብል ማን ያምነኛል።

የሽኝቴ ቀን አዲሱ አለቃ የሥራ ታሪኬን ከፋይል እያነበበ፣ «እንዲሁም መሥሪያ ቤቱን ከአደገኛ ቫይረስ የታደገች» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጌትነት ፀጉሩ ሸብቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ያቺ ቫይረሷ!» ብሎ ሳቀ። ጋቢ አለበሱኝ። ተነሥቼ ልናገር ፈለግሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ግን ጡረተኛ ነበርሁ። የሚሾመኝም የሚሽረኝም የለም። ሌላ ጀግንነት አይደለም፤ የምፈራው ስላለቀ ነው የደፈርሁት፤ ይህም ያሳፍራል። መዝገብ ቤት ገብቼ ያንን ሪፖርቴን አስወጣሁ። ከሥሩ የሚያያዝ ሌላ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጉዳቱ የደረሰው እኔ ባለበስሁት በሩዝ ውሃ በተነከረ ዳንቴል መሆኑን፣ ይህንንም እሷ በተሰናበተች በሦስተኛው የሥራ ቀን አውቄ መደበቄን፣ እማዋይሽ በምንም እንዳልበደለች ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። አዲሱ አለቃ አነበበና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ወይዘሮ የሻረግ፣ ከዚህ በኋላ ቦታውን ልንመልስላት አንችልም» አለ። አውቃለሁ አልሁት። ወደ መዝገቧ ገብቶ ቁጥር እንዲሰጠው ብቻ ነው የምፈልገው፤ ግልባጩም ማኅተም እንዲያርፍበት። አሳረፈበት።

ወንዛዬ ስደርስ እማዋይሽ ደጅ ላይ ዕቃ ታጥባለች። እናቷ እማማ ደብሬ ጥላ ሥር ሽንብራ ይለቅማሉ። ቀና አለችና፣

«እንዴ! እትዬ የሹ? እርስዎ ነዎት? ጉልበትዎን አሞዎት ነው? ግቡ እንጂ፣ ግቡ!» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እየሮጠች መጣች። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ልጇን ጠርታ «ለእትዬ ውሃ አምጪላቸው፣ የሥራ አለቃዬ ነበሩ» አለቻት።

መቀመጥ አልቻልሁም። ቆሜ ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበችው።

«ሩዝ ነው ያሉት?»

«የሩዝ ውሃ።»

«ቫይረሱስ?»

«ፍላሽሽ ላይ ቫይረስ ነበረ። የእኔም ላይ ነበረ። የእኔን አልፈተሽሁትም።»

ኩርሲው ላይ ቁጭ አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እኔ እኮ አምኜዎት ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን። ባለቤቴ ስልክ ሲገዛልኝ ሰው ዘፈን ሊጭንልኝ ቢል አልሰጥም። ልጄ ከትምህርት ቤት ፍላሽ ስታመጣ ከቤት አውጪው እላታለሁ። የእኔ እጅ የሚያበላሽ እጅ ነው ብዬ። እትዬ፣ ኮምፒውተር እኮ እወድ ነበር።»

እማማ ደብሬ ሽንብራቸውን አቆሙ። «ምን አለች?»

«ከአንቺ አይደለም አሉኝ፣ እማዬ። ያኔ የተበላሸው።»

«እኔስ መቼ ነሽ አልሁሽ! አንብቢው።»

አነበበችላቸው። «እንደገና» አሉ። አነበበችላቸው።

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«የቱ ጋ?»

እማዋይሽ ጣታቸውን ይዛ ማኅተሙ ላይ አሳረፈችላቸው።

ጉልበቴ ቢያመኝም ተንበረከክሁ። እማዋይሽ በክንዴ ይዛ አነሣችኝ። «እትዬ፣ ይቅር እላለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እላለሁ። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ይሂዱልኝ» አለች። ልጅቷ ያመጣችልኝን ውሃ ሳልነካ ሄድሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እማማ ደብሬ ብቻቸውን ወረታ መጡ። መጀመሪያ የድሮው ቢሮ በር ላይ ቆመው ዘበኛውን አስነበቡት። ቀጥለው የሩዝ መፈልፈያው ጋ ተሰልፈው የነበሩትን ሴቶች፣ ከዚያ ጌትነትን ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ከነሚስቱ አስቀምጠው አስነበቡት። ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ገቡ። መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ከመቀነታቸው ፈትተው ዘረጉልኝ፣ «አንቺም አንብቢልኝ» አሉ። ከቀኑ ጀምሬ እስከ ስሜ ድረስ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ መልሰው አሰሩትና፣ የወንዛዬው መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሥተው ሄዱ።